ከመርከብ ወርዶ ስለ መዋል

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አጠገብ የምትኖር አንዲት የአክስታችን ልጅ አለች፤ ሙያዋ ነርስ ነው። ከባለቤቷ ጋራ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በካሪቢያን ባሕር በአነስተኛ መርከብ ለሰባት ቀን ለመዘዋወር ቆርጠው ተነሥተዋል። መርከቧ ከባርቤዶስ ተነሥታ በስድስት ስፍራ መልሕቋን እየጣለች መንገደኞቿን ጧት ታወርዳለች፣ ማታ ትሰበስባለች። ዘመዳችን በየደሴቱ ወርደው የሚያዩትን ሁሉ በወረቀት ጽፋ አስተያየታችንን ጠየቀችን። ወረቀቱን ተቀብለን ብንቈጥረው ሃያ ሦስት ነገር ሆኖ አገኘነው። ስድስት ቀን፣ ሃያ ሦስት ነገር!

ለእርሷ የጻፍነውን መልስ ለአንባቢዎቻችንም ልናካፍል ወደድን። ወጣት ሹም ለስብሰባ፣ ተማሪም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ አንዲት ነጻ ቀን ያገኘ እንደ ሆነ የሚያደርገው ይኸንኑ ነውና። ከዚህም በቀር ስለነዚህ ደሴቶች ማወቅ ለአገር ጎብኚ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የአፍሪካና የካሪቢያን አገሮች መሪዎች ሁለተኛ ጉባኤ በሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አነጋገር ናቸው።)

በመጀመሪያ አነስተኛ መርከብ የምንለው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲዝ» የተባለችው መርከብ ከአምስት ሺሕ በላይ መንገደኛ ትይዛለች። እንዲህ ያለችው መርከብ ጥልቅ ውሃና ረጅም መድረክ ያለው ወደብ ያስፈልጋታል፤ ወደቡም ለእንግዳ ተብለው በተሠሩ ሱቆች የተከበበ ነው። አነስተኛዎቹ ግን ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ያህል ሰው ብቻ ይዘው ከትንሽ መንደር ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥሉና ሰዉን በጀልባ ያወርዳሉ። ጥቅማቸው እንግዲህ አልጋቸውና ወጥ ቤታቸው ሳይሆን የሚያወርዱበት ስፍራ ነው። ሰው ይኸን መርከብ መርጦ ቀኑን ግን በትልቁ መርከብ ልማድ፣ በአውቶቡስ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሮጥ ቢውል በቅሎ ገዝቶ በእግሩ የሚሄደውን መሰለ።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። መርከቧ ከጧቱ በ2 ሰዓት ደርሳ ከቀኑ በ11 ሰዓት ትነሣለች እንበል። በወረቀት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገር ግን የአገሩ ሹማምንት የመርከቧን ወረቀት ተመልክተው «ውረዱ» እስኪሉ፣ ጀልባዋም ሰዉን በየተራ እስክታመላልስ ድረስ አንድ ሰዓት ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጀልባ ደግሞ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ የብሱን ትለቃለች። ለምሳ አንድ ሰዓት ስንተው የሚቀረው ስድስት ሰዓት ነው። ዘመዳችን በዚህ በስድስት ሰዓት ውስጥ በዶሚኒካ ብቻ አምስት ነገር ጽፋለች፤ የሚፈላው ሐይቅ፣ የትራፋልጋር ፏፏቴ፣ የኤመራልድ ገንዳ፣ የኢንዲያን ወንዝ፣ የካብሪትስ ምሽግ።

የሚፈላው ሐይቅ እውነትም የሚያስደንቅ ነው። ከምድር ሥር በሚወጣ ትኵሳት የሚንተከተክ ግራጫ ውሃ ነው፤ የሚገኝበት ተራራማ አገርም በ1997 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሆኖም ሐይቁ ያለው በደሴቱ ደቡብ ነው፤ መርከቧ የምትቆመው ግን በሰሜን በፖርትስመዝ ነው። የመኪናው መንገድ ለመሄድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከመኪና ከወረዱ በኋላ ደግሞ ደርሶ መልሱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ስድስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ዳገትና ቁልቁለት አለ። ሒሳቡ አልገጠመም። የቀሩትን አራቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ በመኪና መስኮት ይቻላል።

እኛ የመከርናት እንዲህ ነው። ጧት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ወደ ኢንዲያን ወንዝ ትሂድ። ወንዙ ከፖርትስመዝ ከተማ አጠገብ ነው፤ ወደ ላይ በሞተር መሄድ የተከለከለ ስለ ሆነ ፈቃድ ያለው ቀዛፊ በመቅዘፊያ ይወስዳታል። በሁለቱ ዳር የቆሙት ዛፎች ሥራቸው ከውሃው በላይ እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ነው። ቀዛፊው እየቀዘፈ ስለ አገሩ ያወራል፤ ጥያቄም ይጠየቃል። ቀጥሎ ምሳ። ከምሳ በኋላ የካብሪትስን ምሽግ፣ ፎርት ሸርሊ የሚሉትን፣ ትውጣ።

በዚህ በምሽጉ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ብዙ እንግዳ የባሕሩን መልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚወርድበት ስፍራ ነውና። በኤፕሪል 1802 በዚህ ምሽግ የነበሩት የስምንተኛው የዌስት ኢንዲያ ሬጅመንት ወታደሮች በእንግሊዝ መኰንኖቻቸው ላይ ተነሡ። ወታደሮቹ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹን የእንግሊዝ መንግሥት ከባሪያ ነጋዴ ገዝቶ ወታደር ያደረጋቸው ናቸው። ደመወዛቸው ቀረ፤ ጠመንጃ በያዘ እጃቸው ረግረግ እንዲመነጥሩ ታዘዙ፤ ከዚህም የተነሣ ለእርሻ ባሪያነት ሊሸጡን ነው ብለው ሠጉ። ምሽጉን ለጥቂት ቀናት ከያዙ በኋላ ተሸነፉ፤ መሪዎቹም ተገደሉ። ነገር ግን በ1807 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ እየተገዙ በሠራዊቱ ውስጥ የገቡትን አፍሪካውያን ሁሉ ነጻ አወጣቸው። የፈረሰው ምሽግ እንደገና የተጠገነው በዶሚኒካዊው የታሪክ ጸሐፊ በሌኖክስ ሆኒቸርች መሪነት ነው። ይኸን አውቆ የወጣና ሳያውቅ የወጣ ሰው የሚያዩት አንድ ግንብ ነው ልንል አንችልም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ውሎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋጀው ከመነሣት በፊት የሚነበብ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ነው፤ እርሱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

በማርቲኒክም ነገሩ እንዲሁ ነው። መርከቧ የምትቆመው በሴን ፒየር ፊት ለፊት ነው። ሴን ፒየር በደሴቱ ላይ ከሁሉ የሠለጠነች ከተማ ነበረች። በሜይ 8 ቀን 1902፣ የዕርገት በዓል ዕለት ጧት በ2 ሰዓት ገደማ፣ የፔሌ እሳተ ጎሞራ ፈንድቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 28 ሺሕ ያህል ሰው ፈጀ። ተራራው ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሲያጨስና አመድ ሲያዘንብ ሰንብቶ ነበር። የደሴቱ አገረ ገዥ ሉዊ ሙቴ ከባለቤታቸው ጋራ ከፎር ደ ፍራንስ ወደ ከተማዪቱ መጥተው ነበርና እርሳቸውም ከሕዝቡ ጋራ አለቁ። ከጥቂቶቹ የተረፉት አንዱ በወፍራም ግንብ ክፍል የታሰረው ሲፓሪስ ነው። የእስር ቤቱ ክፍል፣ የቲያትር ቤቱ ደረጃ፣ ስለ እልቂቱ የተሠራው ሙዚየም፣ ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ አውቶቡስ አያስፈልግም። ወጣት ሹማምንት የሆኑ አንባቢዎቻችን በዚያ ደረጃ ላይ ቢቀመጡ ስለ ሥራቸው የሚያስቡት ነገር አያጡም።

ስለ ሌሎቹ ደሴቶች ባጭሩ እንለፍ። በቤኪያ ከጀልባ መውረጃው ጀምሮ ባሕሩን ይዞ የሚሄደውን የእግር መንገድ መከተል፣ ከእንጨት ትንንሽ ጀልባ የሚቀርጹትን ባለ እጆች መጐብኘት፣ መዋኘት፤ ይበቃል። ቶቤጎ ኬይስ ሰው የማይኖርባቸው አምስት ትንንሽ ደሴቶች ስለ ሆኑ ከኤሊዎቹና ከጠራው ውሃ በቀር የሚታቀድ የለም። በሴንት ሉሲያ መርከቧ በሱፍሪየር ከቆመች የፒቶን ተራሮች እዚያው ፊት ለፊት ናቸው፤ ለገበያ ብሎ እስከ ካስትሪስ በጠመዝማዛ መንገድ መመላለስ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መጣል ነው። በሌ ሴንት ደሴቶች ከምሽጉ ይልቅ በወደቡ ላይ ሴቶቹ የሚሸጡትን፣ «የፍቅር ሥቃይ» የሚሉትን የኮኮናት ኬክ እናስቀድማለን። ይኸ የእኛ ፍርድ ነው፤ ጦርነት የሚወድ በ1782 እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ባሕር ስላደረጉት ውጊያ ያስብ።

ስለ ምሳ ግን ከብዙዎቹ ጋራ አንስማማም። በመርከብ ላይ ምሳ አስቀድሞ የተከፈለበት ስለ ሆነ ብዙው መንገደኛ «የከፈልኩበትን ለምን ልተው» እያለ በእኩለ ቀን ወደ መርከብ ይመለሳል። እንዲህ ሲያደርግ የቀኑን ወገብ ይቈርጠዋል፤ ለመመላለስ ብቻ አንድ ሰዓት ያጠፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መንደሪቱ ከእንግዳው የምታገኘው ጥቂት ፍራንክ ይቀርባታል። የመርከቡ ዋጋ የሚገባው ለመርከቡ ባለቤት ነው፤ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠዋ ሴት፣ ቀዛፊው፣ የታክሲው ነጂ የሚያገኙት እንግዳው በእጁ የሚሰጣቸውን ብቻ ነው። በተለይም ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው ዐውሎ ነፋስ በዩኒየን ደሴትና በካሪያኩ አብዛኛውን ቤት ካፈረሰ በኋላ ይኸ ተራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ትንንሽ ኖት መያዝ ያስፈልጋል። በዶሚኒካ፣ በሴንት ሉሲያና በቤኪያ የሚሠራበት የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ከ1976 ጀምሮ 2 ከ70 ሳንቲሙ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል፤ በፈረንሳይ ደሴቶች ገንዘቡ ዩሮ ነው። በነዚህም በፈረንሳዮቹ ደሴቶች ምሳ የሚቀርበው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚራብ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን የጉብኝት ፕሮግራም ግን ፈጽሞ አንነቅፍም። በመርከቡ ፕሮግራም የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የሄደ ቢዘገይ አይጠብቀውም። መንገዱ ሩቅ ከሆነ በመርከቡ ፕሮግራም፣ ቅርብ ከሆነ በገዛ እግር፤ እኛ የምንለው ይኸን ብቻ ነው። ደግሞም በክረምታቸው ከሰሜን የሚመጣ ማዕበል ጀልባ ማውረድ የሚከለክልበት ቀን አለና መርከቧ ሌላ ስፍራ ብትቆም የሚደረገውን በወረቀቱ ጀርባ ጽፎ መያዝ ብልኅነት ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሞላበት እሑድ የትኛው ደሴት ላይ እንደሚውልም አስቀድሞ ማየት ነው።

ስለ ሥነ ሥርዓት ሁለት ነገር እንጨምር። በነዚህ አገሮች ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «እንደምን አደራችሁ» ማለት ግዴታ ነው፤ ሳይሰላምታ «ይኸ ስንት ነው» የሚል ሰው እንደ ባለጌ ይቈጠራል። ይኸ ለእኛ ሰው አይከብድም። ሁለተኛ፣ በባርቤዶስ፣ በሴንት ሉሲያ፣ በሴንት ቪንሰንትና በዶሚኒካ የወታደር ዝንጉርጉር ልብስ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ የዘመዳችን ባለቤት የሚወዳትን ኮፍያ እቤቱ ቢተው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዘመዳችን የኢትዮጵያ ልጅ ናት። በነዚያ ደሴቶች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበት ልብስ የለበሰ ራስታፋሪ ከወዴት እንደ መጣች ቢጠይቃትና «ከኢትዮጵያ» ብትለው ነገሩ በአምስት ደቂቃ አያልቅም። በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ በደረሱ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ነው። መንግሥቱ ለአቀባበሉ ምንጣፉን፣ ሰልፉን፣ ሁሉንም በሰዓትና በደቂቃ አሰናድቶ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግን ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፤ የራስታፋሪዎቹ ሽማግሌ ሞርቲመር ፕላኖ ወደ ደረጃው ወጥቶ ሕዝቡ መንገድ እንዲሰጥ እስኪለምን ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ለመውረድ አልቻሉም። የተሰናዳው ሥነ ሥርዓት ቀረ። በጃማይካ ዛሬም በየዓመቱ የሚከበረው ሥነ ሥርዓቱ ሳይሆን ያ ቀን ነው።

ዘመዳችንን እንደ ንጉሥ የሚከብባት የለም። ነገር ግን በፖርትስመዝ ገበያ አንድ ሽማግሌ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ግዕዝ፣ ስለ ጾማችን ሊጠይቃት ይችላል። እርሷም የማታምነውን ሳትቀበል፣ እርሱንም ሳትንቅ፣ ተቀምጣ በጨዋ ደንብ ልትመልስለት ይገባታል። ለዚህ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ያ ሰዓት ከሃያ ሦስቱ ነገሮች መካከል የትም አልተጻፈም፤ ሃያ ሦስቱም እስካሉ ድረስ ሊገኝ አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መርከብ ያላት ግን ለመልቀምም ጊዜ የላት።

መልሳችን ከደረሳት በኋላ ወረቀቱን አርማ እንደገና ላከችልን። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱን ሰርዛለች። ትራፋልጋር ወጥቷል፣ ካስትሪስ ወጥቷል። የሚፈላውን ሐይቅ ግን በእርሳስ ከብባ «በሌላ ዓመት፣ በአውሮፕላን ሄደን፣ አድረን» ብላ ጽፋበታለች። ባለቤቷ በበኩሉ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማርቲኒኩ ምሳ በ6 ሰዓት መጀመሩ እርግጥ ነው ወይ አለን።