የአይስክሬሙ መስኮት ለማን ይከፈት ነበር?

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር የቆሙት አሮጌ የአይስክሬም መሸጫ ጎጆዎች ዛሬ ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል። ጣሪያቸው ላይ የተተከለው ግዙፍ ኮን፣ ሲመሽ የሚበራው የኒዮን መብራት፣ መንገደኛ ከመኪናው ወርዶ የሚስተናገድበት ትንሽ መስኮት በፎቶግራፍ መድበልና በጉዞ መጻሕፍት እየታተመ ይወደሳል። ለወዳጆቻቸው እነዚህ ጎጆዎች ሀብታምና ድኻ፣ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ሰልፍ ይቆሙበት የነበረ የደግ ዘመን መታሰቢያ ናቸው። ታሪኩ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ቢያንስ ለሁሉም አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ የሚደነቅ ነገር ሞልቶታል። በ1934 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግሪክ ተወላጁ ቶም ካርቬል ኒው ዮርክ አጠገብ ሃርትስዴል በተባለች ስፍራ አይስክሬም የጫነበት መኪና ጎማ ተበላሸበት። መቅለጥ የጀመረውን ሸቀጡን እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ቢሸጥ ገበያው ደራለት፤ ሰው ለስላሳውን እንደሚወድ የተረዳውም ያን ጊዜ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማካላ የተባሉ አባትና ልጅ አዲስ ለስላሳ አይስክሬም ሠርተው በኢሊኖይ ግዛት ካንካኪ ከተማ ለሙከራ አቀረቡ። በ10 ሳንቲም የፈለገውን ያህል ብላ የተባለው ሕዝብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ1,600 ሳህን በላይ ጨረሰ። «ዴይሪ ኩዊን» የተሰኘው የመጀመሪያው ሱቅ በ1940 በጆሊየት ተከፈተ። የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው፤ አይስክሬሙ ጠጥሮ እስኪደርቅ አይጠበቅም፣ አየር እየገባበት ይመታና ከማሽኑ አፍ በቀጥታ ወደ ኮኑ ይወርዳል። ስለዚህ ወንበርና አሳላፊ ያለው አዳራሽ አላስፈለገም፤ አንድ ማሽን፣ አንድ መስኮትና መኪና ማቆሚያ በቂ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በየቤቱ ሲገባ ጎጆዎቹም እንደ አሸን ፈሉ።

እዚህ ድረስ ተራኪዎቹ አልዋሹም። የሚያቆሙት ግን መናገር በሚገባቸው ቦታ ላይ ነው። በደቡብ ግዛቶች ከጎጆዎቹ ብዙዎቹ ሁለት መስኮት ነበራቸው፤ አንዱ በፊት ለፊት ለነጮች፣ ሌላው በጎን ወይም በጓሮ ለጥቁሮች። ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ በ1969 ባሳተሙት የልጅነት ታሪካቸው፣ ባደጉባት በአርካንሳስ ግዛት በስታምፕስ ከተማ ጥቁር ሰው ከነፃነት በዓል ቀን በስተቀር ቫኒላ አይስክሬም መግዛት አይችልም ይባል እንደነበር ጽፈዋል። ቀልድ ነው ቢባል እንኳ፣ እንዲህ ያለ ቀልድ ያለ ነገር አይቀለድም።

አፍሪካዊ አንባቢን ይበልጥ የሚቆረቁረው ግን በኦክቶበር 1957 የሆነው ነው። ሃዋርድ ጆንሰን በብርቱካንማ ጣሪያውና በ28 ዓይነት አይስክሬሙ ስሙ የገነነ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ድርጅት ነበር። በዚያው ዓመት ነፃ የወጣችው የጋና የገንዘብ ሚኒስትር ኮምላ ግቤዴማ በዴላዌር ግዛት ዶቨር ከተማ ከቅርንጫፎቹ ወዳንዱ ገብተው የብርቱካን ጭማቂ አዘዙ፤ ውስጥ ተቀምጠው መጠጣት ግን ተከለከሉ። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋናን በጎበኙ ጊዜ በቤታቸው ያስተናገዱ ሰው ነበሩ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሚኒስትሩን በዋይት ሀውስ ቁርስ ጋበዟቸው። የዶቨሩን ጥቁር የቀን ሠራተኛ ግን ቁርስ የጋበዘ ፕሬዚዳንት አልነበረም።

ሻጩ ምን ያድርግ፣ ሕጉ ነው እንጂ የሚል ተሟጋች አይጠፋም። ለዶቨር እንኳ ይህ መከላከያ አይሠራም፤ በዴላዌር የነበረው ሕግ ምግብ ቤቶች አብዛኛውን ደንበኛ ያስቀይማል ያሉትን ሰው እንዳያስተናግዱ ይፈቅድላቸው ነበር እንጂ አያስገድዳቸውም። መርጠው ዘጉ ማለት ነው። በሩን ለሁሉም መክፈት ግዴታ የሆነው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሲመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ግማሽ ትዝታ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የፒያሳን የጣሊያን ቡናና ጣፋጭ ቤቶች በናፍቆት የሚያነሣ ሰው፣ ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ከተማዋን ለነጭና ለአገሬው ሊከፍል መነሣቱን፣ ገበያተኛውንም ከአራዳ ነቅሎ ወደ ዛሬው መርካቶ መግፋቱን አብሮ ሲያነሣ እምብዛም አይሰማም። የኬኩ ጣዕም እውነት ነው፤ ከአራዳ የተነቀለው ነጋዴም እውነት ነው።

ጎጆዎቹ ይፍረሱ የሚል የለም። ይታደሱ፤ ነገር ግን ከነጎን መስኮታቸው። ይህ እንደሚቻል የሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ከተማ አሳይታለች። ጁን 23 ቀን 1957፣ ማለትም ሚኒስትሩ ከመከልከላቸው ከሦስት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ በቄስ ዳግላስ ሙር የተመሩ ሰባት ጥቁሮች ሮያል በተባለ አይስክሬም ቤት ውስጥ ለነጮች በተከለለው ክፍል ተቀመጡ። ተነሡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው፤ እያንዳንዳቸውም 10 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ ተቀጡ። እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለው ተረቱ። ዓለም የሚያውቀው የግሪንስቦሮ ተማሪዎች ተመሳሳይ ተቃውሞ የመጣው ከዚህ በኋላ በ1960 ነው። የሮያል አይስክሬም ቤት ሕንፃ ዛሬ የለም። በቆመበት ማዕዘን ግን በ2008 የግዛቱ የታሪክ ሰሌዳ ተተክሎ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። የኒዮን መብራታቸውን በብዙ ገንዘብ የሚያስጠግኑት የጎጆ ባለቤቶች አንዲት እንዲህ ያለች ሰሌዳ በጎኑ መስኮት ላይ ለመስቀል ምን ያህል ያወጣቸው ይሆን?