መጀመሪያ የእግር መንገዱ፣ ሎጁ ይደርሳል

አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ፎቶ ለጥፎ አየሁ። ከጓደኞቹ ጋር ታሆ በሚባል የተራራ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን በበረዶ ላይ ተጉዘዋል። እግራቸው ላይ ያሰሩት ሰፋ ያለ የበረዶ ጫማ ነው፤ ክብደትን ስለሚያከፋፍል እግር በረዶው ውስጥ አይሰምጥም። ጎበዝ፣ ደስ ብሎኛል። ያላስደሰተኝ ከሥሩ የተጻፈው ኮመንት ነው። አንዱ «እኛ አገር ምን አለና ይኬዳል?» ይላል። ሌላው፣ እሱ እንኳን የሶዶ ልጅ ነው፣ «እኛ ጋ በእግሩ የሚሄደው መኪና የሌለው ነው» ብሎ ይስቃል። ላይኩ ደግሞ ብዛቱ!

ይህን የምጽፈው ላይክ ላደረጋችሁት ነው። ቲቸር ደግሞ ጀመረው ትሉ ይሆናል። በሉ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ተከራከሩኝ።

«ምን አለና» ለሚለው እንጀምር። ኦቶና ቆማችሁ ቀና ብትሉ ዳሞታ አለ። ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው። ጎኑ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ፤ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ሰው ከ50 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ይኖር እንደነበር ያረጋገጡበት፣ የባልጩት መሣሪያዎቹን ያገኙበት ዋሻ ነው። ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አይታችኋል? ከዳሞታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትወርዱ ሁምቦ አለ፣ ከሁምቦ ወዲያ አባያ ሐይቅ አለ። ከተራራው አናት እስከ ውኃው ዳር ከ1500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ደጋውን፣ ወይና ደጋውን፣ ቆላውን፣ ገብሱን፣ እንሰቱን፣ ግራሩን በሦስት በአራት ቀን በእግር የሚያሳይ መንገድ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። እኛ ግን ያንን መንገድ በሚኒባስ መስኮት፣ ያውም እንቅልፋችንን እየተኛን ነው የምናልፈው።

ታሆ ምን አለው? ውብ ሐይቅ ነው፣ አልክድም። ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ግድም ነው፤ የእኛ ሶዶ ከፍታ አካባቢ ማለት ነው። ዙሪያውን 265 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለው። ይህን መንገድ ማን ሠራው መሰላችሁ? በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምረው በ2001 ዙሩን ገጠሙት። አሥራ ሰባት ዓመት! በዓለም ሀብታም በሆነው አገር አካፋና ዶማ ይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጡ ሰዎች ናቸው መንገዱን የሠሩት። ሐይቁን ፈጣሪ ሰጣቸው፤ መንገዱን ግን በእጃቸው ሠሩት። እኛ የጎደለን የመጀመሪያው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በእኛ አገር ስብሰባ ላይ «ቱሪዝም» ከተባለ ትርጉሙ ሎጅ ነው። ባለሀብት ይፈለግ፣ ቦታ ይከለል፣ አስፋልት ይግባ፣ ሪባን ይቆረጥ። ሎጅ አይሠራ አላልኩም። በዳውሮ በኩል ሃላላ ኬላ ተሠርቷል፣ መልካም ነው። ግን ሎጅ ብቻውን ለገበሬው ምን ያመጣለታል? እንግዳው በመኪና ይገባል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ በመኪና ይወጣል። ለመንደሩ የሚተርፈው አቧራው ነው። የእግር ተጓዥ ግን በአንድ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሲመሽ አንድ ቦታ ማደር አለበት፣ እራት መብላት አለበት፣ ጓዙን የሚጭንለት አህያ ይፈልጋል፣ መንገድ የሚያሳየው ልጅ ይፈልጋል። ቀስ ማለቱ ራሱ ገንዘቡን በየመንደሩ እንዲያራግፍ ያስገድደዋል። ሒሳቡ ይሄው ነው፤ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

ይህ ደግሞ የእኔ ሕልም አይደለም፤ አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። ወሎ ውስጥ መቄት ላይ «ተስፋ» የሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ሲጀመር ገበሬዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሠሩ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ ገቢው ለማኅበረሰቡ ይገባል። ሰላም ሲጠፋ እንግዳም ይጠፋል፣ ያ የታወቀ ነው፤ አሠራሩ ግን ይሠራል። ወንጪን ደግሞ ተመልከቱ። ከተራራ አናት ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው እንግዳ በፈረስና በእግር ሲያዞሩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ሽልማቱ የተሰጠው ለመንደሩ ነው። ቃሉን ልብ በሉት፤ መንደር።

«እናቶቻችን በየቀኑ እየሄዱ አይደለም ወይ? እነሱ የተቸገሩበትን ነገር መዝናኛ ማድረግ ነውር ነው» የሚለኝ አለ። ይህ ከሁሉም ክርክሮች የማከብረው ነው። እንጨት ተሸክማ ገበያ የምትወርድ እናት እየተዝናናች አይደለም፣ ማንም እንደዚያ አይበል። ግን ጥያቄው እሷ ምን ትጠቀማለች ነው። ተጓዡ በሯ ላይ ቆሞ ለቆጮዋ፣ ለጎደሬዋ፣ ለዳጣዋ ተገቢውን ዋጋ ከከፈላት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን እንጨት የምትሸከምበት ምክንያት ትንሽ ይቀንሳል። ነውሩ መሄዱ አይደለም። ነውሩ በእግሩ የሚሄደውን ሰው መናቅ ነው። እናቱ በእግሯ ሄዳ ያስተማረችው ልጅ «በእግሩ የሚሄደው መኪና የሌለው ነው» ብሎ ሲስቅ ነው ነውሩ።

«ማን ይመጣል?» ለምትሉ ደግሞ፦ መጀመሪያ እኛ ራሳችን እንምጣ። እንግዳ ያልነው ሁሉ ፈረንጅ መሆን አለበት እንዴ? ሐዋሳ ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ ከውጭ ለዕረፍት የሚመጣው ልጃችን አይበቃም? ወቅቱ ራሱ ይረዳናል። ታሆ በረዶ ሲለብስ፣ ታኅሣሥና ጥር፣ የእኛ በጋ ነው። እነሱ እግራቸው እንዳይሰምጥ ልዩ ጫማ በሚያስሩበት ሰሞን እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሸራ ጫማ ይበቃል።

አደጋው የለም አላልኩም። አባያ አዞና ጉማሬ አለው፣ ውኃ ዳር ድንኳን አይተከልም። ቆላው ወባ አለው፣ አጎበር ይያዛል። ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዞር ደግሞ የወላይታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሲዳማው፣ ጉጂው፣ ጋሞው አለበት። ስለዚህ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በራሳችን በኩል እንጀምር። ቀጥሎ ሽማግሌዎች ተነጋግረው፣ ወጣቱ ተዋውቆ፣ ዙሩ ቀስ በቀስ ይገጥማል። እስከ አርባ ምንጭ፣ እስከ እግዜር ድልድይ ድረስ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት እንግዳ ማሳለፍ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ምክንያት አለ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከገንዘቡም ይበልጥብኛል። አባያ ለምን ቀይ ነው? በመኪና ያለፈ ሰው «ያምራል» ብሎ ፎቶ ያነሳል። ከዳሞታ በእግሩ የወረደ ሰው ግን መልሱን ያያል፤ ውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው፣ ከየተራራውና ከየማሳው ጎርፍ ጠርጎ ያወረደው። ቦይ የሰነጠቀውን ማሳ ረግጦ ያለፈ ሰው ሐይቁ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ያው ሰው ግን መንገድ ላይ ሁምቦን ያያል። ተራቁቶ የነበረውን ተራራ ገበሬዎች ከጉቶ የሚወጣውን ቀንበጥ እየመለመሉና ከልለው እየጠበቁ መልሰው ደን አደረጉት። 2728 ሔክታር! እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ የካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ ተመዝግቧል፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። ጥፋቱንም መፍትሔውንም በሁለት ቀን መንገድ ውስጥ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳልኩት፤ እግር ግን በአንድ ከሰዓት ያስተምረዋል።

ታሪክም ምስክር ነው። ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ በኩል አልፎ አባያን በንጉሡ ሚስት ስም «ማርጌሪታ» አለው። የአውሮፓ ካርታዎች ለአሥርት ዓመታት በዚያ ስም ጻፉት። ለምን? እሱ ተጉዞ፣ አይቶ፣ ጻፈ። አገሩን በእግሩ የማያውቅ ሰው የሌላ ሰው ካርታ ነው የሚያነበው።

ምን እናድርግ ታዲያ? ትልቅ በጀት አልጠይቅም። ከዳሞታ እስከ አባያ ሦስት ማደሪያ ይመረጥ። በየማደሪያው ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶች በተራ ያስተናግዱ፤ ተራው ከሌለ ጠብ ይመጣል። ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለፈረንጅ አንድ፣ ለሐበሻ ሌላ፣ ለሚያውቁት ሌላ አይሁን። ሥራ ያጡ ተመራቂዎች አስጎብኚነትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ይሠልጥኑ። መንገዱ ላይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ይበቃል። ይህን ሁሉ ለመጀመር የአንድ ሎጅ በር ዋጋ አይፈጅም።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ኮመንት ላይ «ልክ ነህ ቲቸር» ብላችሁ አትለፉኝ። ቀያሽ የሆንከው፣ መንገዱን ለክተህ ካርታ መሥራት ትችላለህ? ነርስ የሆንሽው፣ ሁለት ቀን ሥልጠና ትሰጫለሽ? ሁምቦ ጠበላ ያላችሁ፣ ሽማግሌዎቹን ማን ያነጋግር? ለኅዳር አንድ ሦስት ቀን ይኑረን። የምትችሉትን ከነስማችሁ ጻፉ። የማትስማሙም ጻፉ፤ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ ዳሞታን አንዴ ውጡት።