ውል የሌለው ልምምድ



ልጅዎ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ትልቅ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሲገባ ምን እንደሚማር ጠይቀውት ያውቃሉ? ጠቃሚ ነገር ይማራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ደብዳቤ በማን ተረቅቆ በማን እንደሚፈረም፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ያያል። እኔም የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ፍሬ ያለው ይግባኝ እንኳ ቀኑ ካለፈ መዝገብ እንደማይከፈትለት ከመምህሮቼ ቀድማ ያስገነዘበችኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት።

ነገር ግን ሌላም ነገር ይማራል። የታክሲውንና የምሳውን ከወላጅ ኪስ እየከፈለ፣ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና የደንበኞችን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ እየዋለ፣ ያለ ውልና ያለ ክፍያ መሥራት የተለመደ መሆኑን ይማራል። የግምገማ ቅጹን የሚሞላው አለቃው ነውና ዝምታንም ይማራል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ዝምታው ይብሳል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። ሆኖም በአንቀጽ 3፣ ከለማጅ ሠራተኛ በስተቀር፣ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረግን ውል ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቷል። ታዲያ ተማሪው ለማጅ ነው ወይስ ሠልጣኝ? ድርጅቱ ሥራ ሲያዝ እንደ ሠራተኛ፣ ኃላፊነት ሲጠየቅ እንደ እንግዳ ያየዋል።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ተማሪው፣ ተቋሙና ድርጅቱ የሚፈርሙትን የጽሑፍ ውል በሕግ አስገዳጅ ያደርጋል። የትራንስፖርትና የምሳ አበል እንዲሁም የአደጋ መድን በውሉ ይካተታሉ፤ ግምገማውም በአንድ አለቃ ፊርማ ብቻ አይወሰንም።