እድር ለሬሳ ብቻ ነው?

ጎበዝ፣ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተሳፋሪ ጠፍቷል፤ ልናገር።

«ፈረንጅ እናቱን አረጋውያን ቤት ጥሎ ይረሳል» እያልን እናማለን። እኛስ? ጄኔቭም ዙሪክም ቀድመውን የመጡ እናትና አባቶች ጡረታ ወጥተው ቤት ውለዋል። ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ የልጅ ልጅ በአማርኛ ሲጠሩት በፈረንሳይኛ ወይ በጀርመንኛ ይመልሳል። ሰው ሲሞት ግን እዩን! አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት እናዋጣለን። በቁሙ በሩን ያንኳኳው ማን ነው?

«ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው» ለምትሉኝ፦ እዚሁ ጄኔቭ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው፣ በድሃ አገሮች ደግሞ ከሀብታሞቹ እጥፍ እንደሚሆን ገልጿል። በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከዚሁ ጋር ይያያዛል ብሎ ገምቷል።

የምናማው ፈረንጅ መላ ፈልጓል። ዙሪክ ውስጥ ፕሮ ሴኔክቱቴ ተማሪን ከአረጋዊ ጋር ያኖራል። ኪራዩ በጉልበት ነው፤ ለ1 ካሬ ሜትር በወር 1 ሰዓት። ገበያ መሄድ፣ ምግብ ማብሰል፣ አብሮ መጨዋወት። (ሦስት ስኒ ቡና ያስተማርነው እኛ፣ እነሱ ናቸው እንግዲህ የሚቀድሙን!)

የእድር ሰብሳቢዎች፣ የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይህ ይሁን፦ ብቻቸውን የሚኖሩት እነማን ናቸው? ስልካቸው ማን ጋ አለ? የቅዳሜ ተራ የማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ የሚደርስ ካለ እኔ አለሁ፤ ታክሲሜትሩን አላበራም።