ድንኳኑ አለ፣ መድኃኒቱ የለም

ስለ ጤና መድኅን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የማትቀር ቃል አለች፤ «የግንዛቤ እጥረት»። በራሱ ሥራ የሚተዳደረው ሰው መዋጮውን የማይከፍለው፣ ከፍሎም ከሆነ በዓመቱ የማያድሰው ግንዛቤ ስለሌለው ነው ይባላል። እኔ በዚህች ቃል አልስማማም። እንዲያውም ስድብ ናት።

እስቲ ሲግናል ግቡና ልብስ ሰፊውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ብረት የሚበይደውን ጠይቁ። አሠሪ የለውም፤ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የታመመ ቀን ገቢውም አብሮት ይተኛል። እድር ግን አለው። የሠፈር፣ የዘመድ፣ የአገር ልጅ እያለ ሁለትና ሦስት ያለውም አይጠፋም። ቀኑ ሲደርስ ዝናብም ቢሆን መዋጮውን ይዞ ይሄዳል፤ ቢቀር ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ይከፍላል። እንግዲህ ዛሬ ከፍሎ ነገ መጠቀም የማይገባው የተባለው ይህ ሰው ነው!

እድር የሚታመነው ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ ስለሚተከል ነው። «ድንኳን አልቋልና ከውጭ ተከራዩ» ያለ የእድር ዳኛ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የመድኅን ካርዱስ? ባለ ካርዱ ተሰልፎ፣ ሐኪም ዘንድ ደርሶ፣ ማዘዣውን ይዞ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲቆም ስንቴ ነው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» የሚባለው? ከውጭ ማለት ከኪስ ማለት ነው። አንዴ በመዋጮ፣ አንዴ በጥሬ ብር፣ ለአንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ከፈለ። ለ2009 ዓ.ም. በተሠራው የአገሪቱ የጤና ወጪ ስሌት፣ ለጤና ከወጣው ገንዘብ 31 ከመቶ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ የወጣ ነበር። ሰውየው ግንዛቤ አላነሰውም፤ ደርሶ አይቶታል።

ነገሩ ከመነሻውም ችግር አለበት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 የታሰበው ለደመወዝተኛ ነው፤ 3 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 3 ከመቶ ከአሠሪው። (እሱም ቢሆን ይጀመራል እየተባለ ስንቴ ተራዘመ!) ራሱን የቀጠረው ሰው የአሠሪውን 3 ከመቶ ከማን ይቀበል? እሱ የተመራው ወደ ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን ነው። ይህ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በዋናነት ገበሬው ታስቦ ነው። በዓመት አንዴ፣ እህል ሲገባ፣ በቤተሰብ ይህን ያህል። ለገበሬ መልካም። የሲግናል ልብስ ሰፊ ግን አዝመራ የለውም። ገቢው የቀን ነው፣ ወጪው የወር ነው፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አምጣ ሲባል ከቤት ኪራይ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ይጋጭበታል። ወደ ግል ኢንሹራንስ እንዳይዞር፣ እነሱ የሕክምና ዋስትና የሚሸጡት በአብዛኛው ለድርጅት በጅምላ ነው። ኮምፒውተር ታቅፈው ሦስት ሆነው ኩባንያ የጀመሩት ወጣቶችም ያው ከበያጁ ጎን ናቸው።

የምዝገባ ጊዜ መገደቡ ይገባኛል። ሰው በታመመ ቀን ብቻ እየመጣ ከተመዘገበ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ እድርም ቢሆን በለቅሶ ማግስት ለመጣ አዲስ አባል ወዲያው ድንኳን አይተክልም። ስለዚህ በሩ ዓመቱን ሙሉ ይከፈት አልልም። ለከተማ ሰው ክፍያው በወር ይሁን ነው የምለው። መጠኑም ቢሆን የጉሊት ነጋዴዋና ባለ ሕንፃው እኩል የሚያዋጡት መሆን የለበትም፤ ርዋንዳ እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ለይታዋለች። እኛ ጋ ለፍጹም ድሃው መንግሥት ይከፍልለታል፣ ደግ ነው፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ ያለው ግን ከሀብታሙ ጋር በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ ኖሯል።

ከሁሉ በፊት ግን መድኃኒቱ። ጤና ጣቢያው የታዘዘውን ካጣ በአቅራቢያው ያለ ፋርማሲ፣ ከነማም ይሁን የግል፣ በካርዱ ይስጠውና ሒሳቡን ከመድኅኑ ይጠይቅ። መድኅኑ ከመንግሥት ተቋም ጋር ይከራከር፣ ይካሰስም፤ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ማዘዣ ይዞ ከሲግናል እስከ መገናኛ ፋርማሲ ለፋርማሲ አይዙር።