የንብ ሆድ ነዋሪዎች



ቅዱስ ቁርአን ውስጥ በንብ ስም የሚጠራ ሱራ አለ፤ 16ኛው ሱራ፣ ሱረቱ-ን-ነሕል። በ68ኛውና በ69ኛው አያዎች ንቧም ከሆዷ የሚወጣው ፈዋሽ መጠጥም ተወስተዋል። ንቧ ከአበባ የቀሰመችውን የምትሸከመው በፊተኛው ከረጢቷ ነው። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ከዚያ ኋላ ባለው አንጀቷ ስለሚኖሩት ረቂቅ ፍጡራን ነው። እነርሱን የአያው ማብራሪያ ለማድረግ ግን አንቸኩልም፤ ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ሊያርም ይችላልና።

በአንዲት ሠራተኛ ንብ አንጀት እስከ 1 ቢሊዮን የሚገመት ባክቴሪያ ይኖራል። በዓይነት ግን ጥቂት ናቸው፤ ዘጠኝ ያህል ወገኖች ብቻ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይይዛሉ። ተመራማሪዎች የብዙዎቹን ዲ.ኤን.ኤ. አስቀድመው አይተውት ነበር። ሆኖም ለአዲስ ዝርያ ሕጋዊ ስም ለማውጣት ይህ አይበቃም፤ ባክቴሪያው በቤተ ሙከራ በሕይወት መራባትና ናሙናው በሁለት የተለያዩ አገሮች ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናታቸው፣ ዋልደን ኩንግና ናንሲ ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን አራብተው ስም አወጡላቸው። አንደኛው ስኖድግራሴላ አልቪ ሲሆን ስሙ የንብን የሰውነት አሠራር ላጠኑት ለሮበርት ስኖድግራስ መታሰቢያ ነው። «አልቩስ» በላቲን ሆድም ቀፎም ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ጥሩ ቃል አግኝተዋል! ሁለተኛው ጊሊያሜላ አፒኮላ፣ የንብ ረቂቅ ሕዋሳትን ላጠኑት ለማርታ ጊሊያም የተሰየመ ነው።

የሁለቱ ጉርብትና ያስደንቃል። ስኖድግራሴላ የአንጀቱን ግድግዳ ይዞ ይኖራል፤ ጊሊያሜላ ከላዩ ይደረባል። ጊሊያሜላ የአበባ ዱቄትን ግድግዳ ይፈታል፣ ስኳር ይበላል፤ ስኖድግራሴላ ስኳር አይነካም፣ ጎረቤቱ የጣለውን አሲድ ይመገባል።

ከእጭነት ወጥታ ክንፍ ያወጣች ንብ ስትፈለፈል አንጀቷ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ባክቴሪያውን የምታገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእህቶቿና ከቀፎው ነው። ብቻዋን ያደገች ንብ ይህን ውርስ ታጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው ንቦች እነዚህን ባክቴሪያዎች በብዛት እንዳጡና ወደ ቀፎ ሲመለሱም ካልታከሙት ይልቅ ብዙዎቹ እንደሞቱ አሳይቷል። መድኃኒቱ ለቀፎ በሽታ የሚሰጥ ነው። ለልጆቻችን ጉንፋን ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካፕሱል የምንገዛ ወላጆችም ነገሩን ልብ ብንለው አይከፋም።

በ2018 ደግሞ ስለ ግላይፎሴት፣ ማለትም በአገራችንም ለአረም ስለሚረጨው መድኃኒት፣ ሌላ ጥናት ወጣ። መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም በእንስሳት አካል ውስጥ የለም፤ በዕፀዋትና በብዙ ባክቴሪያዎች ግን አለ፣ በስኖድግራሴላም ጭምር። ግላይፎሴት የቀመሱ ንቦች ስኖድግራሴላቸው ቀነሰ፤ ወጣቶቹም በበሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሲጠቁ ከሌሎቹ ይልቅ ሞቱ።

እርሻችሁ ከቀፎ አጠገብ የሆነ ወንድሞችና እህቶች፣ የምትረጩበትን ቀን ለንብ አርቢው ጎረቤታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። አበባው በፈካበት ሰዓት አትርጩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።