የጆንያው አፍና የጆንያው ሥር

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል ወደ ተወለድኩባት ሮቢት ወርጄ ነበር። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬ በኩል ወደ ቆቦ የተጓዘ አንባቢ ያን ሜዳና ያን ሙቀት አይዘነጋውም። ጧት ከእህቴ ባል ጋር ገበያ ወጣን። ማሽላ የሚገዛው ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አልቆረጠም። ሹል ብረቱን ከጆንያው ሥር ወግቶ እፍኝ እህል አወጣና ነቀዙን፣ አፈሩንና እርጥበቱን በመዳፉ ላይ መረመረ። ሻጩም «እንዴት ትጠረጥረኛለህ?» ብሎ አልተቆጣም። ከብት ተራው ዘንድ ደግሞ በሬ የሚገዛው ሰው «ዋስህ ማነው?» ይላል። ይህም እንደ ስድብ አይቆጠርም፤ ዋስ የሌለው በሬ የሌላ ሰው በሬ ሊሆን ይችላልና።

ማታ የእህቴ ልጅ ከአጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን ዘረጋልኝ። በማኔጅመንት ተመርቆ ሦስት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት ነው። በስልኩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያሳይ ስክሪንሾት ነበር።

«ጋሼ፣ ማስረጃው ይኸው» አለኝ። «ልጁ ይህን ሁሉ ያገኘው ከዚሁ ከሮቢት ሳይወጣ ነው። አፊሊየት ማርኬቲንግ ይባላል። እናንተ ያስተማራችሁን በወረቀት የቀረ ነው፤ ይህ ግን የሚበላ ነው።»

ስክሪንሾቱ ላይ ያለውን ቀን አነበብኩት። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር።

«በዚያ ወር እዚህ ኢንተርኔት ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ታዲያ ሮቢት ቁጭ ብሎ በየቀኑ በኢንተርኔት የሚሸጠው ይህ ነጋዴ በየትኛው መስመር ነበር የሚሸጠው?

የእህቴ ልጅ ሞኝ አይደለም። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ከላከችለት ገንዘብ 15 ሺህ ብር ከፍሎ «የሥልጠና ጥቅል» ገዝቷል። ጥቅሉ ጥቂት ቪዲዮዎች ናቸው። ቪዲዮዎቹ የሚያስተምሩት ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ጥቅል እንዲገዛ እንዴት እንደሚደረግ ነው። አንድ ሰው ካስገዛ የክፍያው አጋማሽ ይደርሰዋል። እስከዚያች ማታ ድረስ ግን አንድም ሰው አላስገዛም፤ አንድም ብር አላገኘም። እንቅልፍ የነሣኝ ከዚህ በኋላ ያሳየኝ ነገር ነው። የራሱ ስም ያለበት፣ 84 ሺህ ብር ገቢ የሚያሳይ ስክሪንሾት በገዛ እጁ አዘጋጅቷል። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ካላሳየሁ ማን ይገባል?» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩን ካጤንነው፣ በእንዲህ ያለው ንግድ ውስጥ የሚሸጠው ሸቀጥ የገቢ ማስረጃው ራሱ ነው። ገዢው ቪዲዮውን ፈልጎ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ያን ቁጥር አይቶ ነው። ቁጥሩ እውነት በሚሆንበት ጊዜም ቢሆን የተጠራቀመው ከእሱ በፊት ሌላ ቁጥር አይተው ከከፈሉ ሰዎች ኪስ ነው። የተታለለው ሰው ገንዘቡን ለመመለስ ያለው መንገድ አዲስ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ ብቻ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ትናንት ተበዳይ ነበር፤ ዛሬ የጎረቤቱ ልጅ የሚያየው ማስረጃ ሆኗል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አፊሊየት ማርኬቲንግ በራሱ ወንጀል አይደለም። ባሕርዩ የድለላ ሥራ ነው፤ የሌላውን ዕቃ አስተዋውቆ፣ ገዢ አምጥቶ፣ ከሽያጩ ኮሚሽን መውሰድ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲህ ያለውን አሠራር ሲጀምር የሚሸጠው መጽሐፍ ነበር፤ መጽሐፉን የሚገዛው ሰውም የሚያነበው እንጂ ሌላ መጽሐፍ ገዢ እንዲያመጣ የተገደደ አልነበረም። ልዩነቱ ገንዘቡ ከየት ይመጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ያርፋል። ዕቃውን ለዕቃነቱ ከሚፈልግ ገዢ ከመጣ ንግድ ነው። እንደ እሱ ተስፋ አድርጎ ከገባ ሰው ከመጣ ሰንሰለት ነው።

የሰንሰለቱን መጨረሻ ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። እያንዳንዱ ሰው አራት ሰው ቢያስገባ በዘጠነኛው እርከን ላይ 262,144 ሰው ያስፈልጋል። የቆቦ ወረዳ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ220 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ያውም ጡት የሚጠባው ሕፃን ተቆጥሮ! ሰንሰለቱ በየትኛውም እርከን ላይ ይበጠስ፣ ከገቡት አራት ሰዎች ሦስቱ የመጨረሻው እርከን ላይ ይገኛሉ። እነዚህ ከፍለዋል፤ የሚያስከፍሉት ግን የላቸውም። ስክሪንሾት የሚለጥፈው ታዲያ ከላይ ያለው አንዱ ነው። የሦስቱን ባዶ ሂሳብ ማን ይለጥፋል?

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685፣ እሱን የተካው የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 813ም የፒራሚድ ሽያጭን በግልጽ ከልክለዋል። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርንና ሐሰተኛ ሰነድን ይመለከታል። ይሁንና እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፊያስ 777 የተባለው መድረክ ሲዘጋ ገንዘቡን ያጣው ሰው በምን አምኖ ነበር የገባው? ጓደኛው ባሳየው የክፍያ ማስረጃ አልነበረምን? ስለዚያ ማስረጃ አቀራረብ ግን፣ ማለትም ገቢ አሳይቶ ሰው የሚጋብዝ ሰው ምን አብሮ ማሳየት እንዳለበት፣ ከጠቀስኳቸው አዋጆች አንዱም በስም አይናገርም።

አሜሪካኖች ይህን ክፍተት ያዩት ብዙ ከተቃጠሉ በኋላ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ «ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ከሥር መለጠፍ ብቻውን ከተጠያቂነት እንደማያድን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የንግድ ዕድል የሚሸጥ ሰው የገቢ ቁጥር ከጠቀሰ፣ ከገዢዎቹ ውስጥ ስንቱ ያን ያህል እንዳገኘ በቁጥርና በመቶኛ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ይህንንም ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድሞ እንዲያደርግ አዘዘ። ሰባት ቀን! እኛ ዘንድ «ዛሬ ማታ ይዘጋል» ነው የሚባለው።

ደንቡ ማታለልን አላጠፋም። ሞቢ የተባለው ድርጅት ሰዎችን በ49 ዶላር እያስገባ፣ በ21 ደረጃ ትምህርት ስም በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍል አባልነት ይሸጥላቸው ነበር፤ ትርፉም ያንኑ አባልነት ለሌሎች በመሸጥ የሚገኝ ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲከሰው ከተጠቃሚዎች የተሰበሰበው ገንዘብ ከ125 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተበዳዮች የተመለሰው ግን 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጠንካራ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር የተመለሰው ይህን ያህል ከሆነ፣ የጅዳዋን ልጅ 15 ሺህ ብር ማን ይመልሳል? ስለዚህ ጥያቄው ከክፍያ በፊት መጠየቅ አለበት።

አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ «ስግብግብ ከሆነ ዋጋውን ያግኝ፤ መንግሥት ሞግዚት አይደለም» ይሉኛል። ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያጣን ልጅ ስግብግብ ማለት ለጠገበ ሰው ይቀላል። ደግሞስ ነገሩ የግል ኪሳራ ብቻ ሆኖ ይቀራልን? አልባንያ ውስጥ የፒራሚድ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲፈርሱ አገሪቱ በአመፅ ታምሳ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ሌሎች «ደንብ ከበዛ የዲጂታል ሥራ ገና ሳይወለድ ይሞታል» ይላሉ። የሮቢቱ ማሽላ ሻጭ ጆንያው ስለተወጋ ገበያ አልቀረም። ብረቱን የሚፈራው ከሥር አፈር የጨመረው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ገቢውን የሚያሳይ ሰው ወጪውን አብሮ ያሳይ፤ ለጥቅሉ የከፈለውን፣ ለማስታወቂያ ያወጣውን፣ የፈጀውን ጊዜ። ሁለተኛ፣ ከእሱ ጋር ስንት ሰው እንደገባና መካከለኛው ሰው ምን እንዳገኘ ይናገር። ሦስተኛ፣ ገቢው ዕቃ ፈላጊ ከሆነ ገዢ የመጣ ይሁን ወይስ ከአዲስ ገቢዎች፣ ለይቶ ያስቀምጥ። አራተኛ፣ ዋስ ይኑረው፤ ስሙ፣ የንግድ ፈቃዱና የግብር መለያ ቁጥሩ ከማስረጃው ጋር ይታይ። አምስተኛ፣ የማስረዳት ሸክሙ በአሳዪው ላይ ይሁን፤ ማረጋገጥ ያልቻለውን ቁጥር ባያሳይ ይሻለዋል። ይህን ለመደንገግ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የሸማቾች ጥበቃ ሥራ በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ሚኒስቴሩ የሰንሰለቱን ስም እየጠራ ከሚያስጠነቅቅ ይልቅ የማስረጃውን ደንብ ያውጣ። ሰንሰለት ስሙን በአንድ ሌሊት ይለውጣል፤ ማስረጃ የማሳየት ልማዱን ግን አይለውጥም።

ለነገሩ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስለ ሥራ ፈጠራ እንድናገር ጋበዘኝ። የሚሸጠውን ሳልጠይቅ ሄድኩ፤ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ያ ፎቶግራፍ «ዶክተሮች የመሰከሩለት» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲዞር ያየሁት ቆይቼ ነው። የእኛም ማዕረግ የጆንያ አፍ ሆኖ ያገለግላል። አዳራሽ ስንጋበዝ የጆንያውን ሥር ካልወጋን፣ ልጆቹን «ለምን አመናችሁ?» ለማለት ምን አፍ አለን?

ከሮቢት በተመለስኩበት ጧት የእህቴን ልጅ ያን 84 ሺህ ብር የሚለውን ሥዕል እንዲያጠፋው ለመንኩት። ስልኩን እያገላበጠ ትንሽ ቆየና «ያስገባሁትንስ ማን ይመልስልኛል፣ ጋሼ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ሥዕሉን ያጥፋው አያጥፋው ሳላውቅ መኪና ተሳፈርኩ። እናቱ በር ላይ ቆማ ስትሸኘኝ፣ ልጇ ሥራ ማግኘቱን ነገረችኝና ፈጣሪን አመሰገነች።

ቸር ይግጠመን።